ከሌን ያወለቅኩበት ቅዳሜ

ኦቪድ ብሩሳርን ያህል አንጀቴን ያሳረረው ሰው የለም። ሟቹ ባሌ እንኳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ላይ ይወጣ ነበር እንጂ እንዲህ አላሳረረኝም።

ከኦቪድ ጋር የተገናኘነው ረግረጉ ውስጥ ነው። ባሌ ፌሊስየን ወንዝ ላይ በሚሠራ ጎታች መርከብ ሠራተኛ ነበርና ከመርከቡ ወድቆ ሞተ። ጀልባውና ወጥመዶቹ ለእኔ ቀሩ። የአቻፋላያ ወንዝ በጸደይ ጫካውን ሲያጥለቀልቅ፣ የሸርጣን ታናሽ ወንድም የሆነው ክራውፊሽ ከጭቃው ይወጣል፤ በእኛ በኩል ያለ የሉዊዚያና ሰው ደግሞ እሱን ትቶ ቤቱ አይቀመጥም። እኔም ከል እንደለበስኩ፣ ጥቁር ሻሽ እንዳሰርኩ፣ ጀልባዋን አስነስቼ ብቻዬን ወጣሁ።

ጫካው መሃል ስትደርስ ጀልባዋ ቀጥ አለች። ሞተሩን በእርግጫ ብለው፣ ብሰድበው፣ የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ብጠራበት ወይ ፍንክች።

«ነዳጅ ጨርሰሻል» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ዞር ስል አንድ ረጅም ሰው፣ መቅዘፊያውን ተደግፎ፣ ጀልባው ላይ ቆሟል። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ከሚቆሙት አንዱ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምከው?»

«ቅዱስ አንቶኒን ከመጥራትሽ በፊት።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

ትከሻውን ሰበቀ። «አንቺ እየተናገርሽ ነበራ።»

ኦቪድ ማለት ይኸው ነው። ጀልባዬን ጎትቶ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ፤ በመንገድ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱ ማለዳ በር ስከፍት ጀልባው ደጄ ታስሯል፤ እሱ ውስጡ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። «ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ጀልባ መሥራት ጀመርን። እሱ ይነዳል፣ እኔ የሽቦውን ወጥመድ ከውሃ እያወጣሁ ጆንያ ውስጥ እገለብጣለሁ፣ ከዚያ ክራውፊሹን የሚስብ የተቆራረጠ ዓሣ ከትቼበት መልሼ እሰዳለሁ። ዓሣውን የሚቆራርጠው ግን እሱ ነው። ጠረኑ እጄ ላይ እንዳይቀር ብሎ መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ያውም ከእህቱ ከኔልዳ ሰምቼ ነው።

ወጥመድ ሳነሳ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ቀና ስል ውሃው ላይ ነው። እንዲህ እያልን አንዱ ጸደይ አለፈ፤ ሁለተኛውም መጣ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዝምታው አልነቀዘም፤ የነቀዝኩት እኔ ነኝ። እወደው ነበር። ለምን እደብቃለሁ? ማታ ማታ የጀልባውን ሞተር ድምፅ ለብቻው ለይቼ አውቅ ነበር፤ ያልመጣ ቀን ምግብ አይወርድልኝም።

ችግሩ ከሉ ነበር። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ከሏን ሳታወልቅ ወንድ አይጠይቃትም፤ ነውር ነው። ሳትጠየቅ ያወለቀች እንደሆነ ደግሞ «ባል ፍለጋ ወጣች» ይሏታል፤ እሱም ነውር ነው። ታዲያ እንዴት ነው ሰው የሚጋባው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሌሎቹ አንድ መላ አያጡም። ኦቪድ ግን ከመሬት ተነስቶ ሕግ አክባሪ ነው።

«እየጠበቀሽ ነው እኮ» አለችኝ ኔልዳ አንድ ቀን ሱቅ ስንገናኝ። «ከልሽን ስታወልቂ ሊጠይቅሽ።»

«እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነው በይው። ሲጠይቀኝ ነው የማወልቀው።»

«ብዬዋለሁ!» ኔልዳ ወገቧን ያዘች። «ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'የፌሊስየንን ክብር ልዳፈር?' አለኝ። ወንድሜ ነው፣ ግን አንዳንዴ በመቅዘፊያ አናቱን ማለት ያምረኛል።»

እኔንም ያምረኝ ነበር። ከዚያ ሌላ ደግሞ አማቴ አሉ። ከእማማ አዜሊ ጋር ነበር የምኖረው። የወለዱት ፌሊስየንን ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጥቁሩን ቀሚስ ስለብስ በዓይናቸው ይከተሉኛል፤ አንድም ቃል አይናገሩም። እሳቸው ፊት ባለ ቀለም ቀሚስ ለብሼ መቆም ማለት ልጃቸውን ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ። ስለዚህ እለብሳለሁ፣ አስራለሁ፣ እወጣለሁ፣ ጀልባው ላይ ያ ድዳ ይጠብቀኛል።

ያን ቅዳሜ ውሃው መጉደል ጀምሯል። ወቅቱ ሊያልቅ ነው። ወጥመዶቹ ግን ለጉድ ሞልተዋል፤ እያንዳንዱን ሳነሳ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድሬ ስለነበር ነገር ነገር ብሎኛል።

«ቴክሳስ ያለችው እህቴ ሥራ አግኝቼልሻለሁ፣ ነይ ብላኛለች» አልኩት። «ወቅቱ ሲያልቅ እሄዳለሁ። ይኸው ነግሬሃለሁ።»

ሞተሩን ቀነሰው። ውሃ ውስጥ በቆሙት ትልልቅ ዛፎች መካከል ጀልባው ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። አፉን ከፈተ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሊናገር ነው አልኩ በልቤ።

«ቴክሳስ ክራውፊሽ የለም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በእጄ የያዝኩት ወጥመድ ከሥር ግንድ ይዞት ነበር። «ተይው፣ እኔ አወጣዋለሁ» አለኝ። አይ፣ አልተውማ! በንዴት በሁለት እጄ ስስበው፣ ወጥመዱ ተላቀቀ፣ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ የዓሣውን ባልዲ በእግሬ ደፍቼ ከነባልዲው ውሃ ውስጥ ገባሁ።

ውሃው እስከ ደረቴ ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ። አናቴ ላይ የከረመ ዓሣ። ኦቪድ አጎንብሶ በሁለት እጁ ይዞ አወጣኝና ጀልባው ላይ አቆመኝ። እጄን አልለቀቀም። እኔም አላስለቀቅኩትም። እንዲህ በቅርብ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። ከሽፋሽፍቱ ላይ የውሃ ጠብታ ሲወርድ አየሁ። አሁን ይናገራል አልኩ። አሁንስ ድንጋይም ይናገራል!

«ቀሚስሽን ክራውፊሽ ይዞታል» አለኝ።

ዝቅ ብዬ ሳይ እውነቱን ነው። አንድ ትልቅ ቀይ ክራውፊሽ ከሌን በመቆንጠጫው ነክሶ ተንጠልጥሏል። ነቅዬ በሙሉ ኃይሌ ወረወርኩት፤ ከጨርቁም ቦጭቆ ይዞ ሄደ። ማልቀስ አማረኝ፣ መሳቅም አማረኝ፣ ሁለቱንም ግን እሱ ፊት ማድረግ አልፈለግኩም።

ኦቪድ ወደ አንድ ደረቅ ጉብታ ጀልባውን አስጠጋና ከመቀመጫው ሥር ክዳን ያለው የስብ ቆርቆሮ ጎትቶ አወጣ። ከውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ስፈታው ቢጫ ቀሚስ ነው፤ ነጫጭ አበባ ያለበት።

«የኔልዳ ነው» አለ ውሃውን እያየ።

ከዛፍ ኋላ ሄጄ፣ የራሰውን ከሌን ጭቃው ላይ ጥዬ፣ ለበስኩት። ልክክ አለ። ትከሻው፣ ወገቡ፣ ርዝመቱ፣ በልኬ እንደተሰፋ። የሱቁ መርፌ እንኳን አንገቱ ላይ እንደተሰካ ነው። ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«ኔልዳ ይህን የምትለብሰው በየትኛው እጇ ነው?»

እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ኔልዳ ግዙፍ ናት፤ ከአንድ ቀሚሷ ለእኔ ሁለት ይወጣል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጋዜጣው ወይቧል፤ ቀሚሱ ቆርቆሮው ውስጥ ከርሟል ማለት ነው። እኔን እያሰበ ሱቅ ገብቶ፣ ልኬን በዓይኑ ገምቶ፣ ከፍሎ ገዝቶ፣ ደብቆ ተሸክሞት ኖሯል። ልቤ ቅቤ ሆነ። ከዚያ ጠበቅኩት። ቤት እስክንደርስ ድረስ ጠበቅኩት።

«ጆንያዎቹን ጥላ አድርጊላቸው» አለኝ። ሌላ ምንም።

ከመንደሩ ጀልባ ማቆሚያ ስንደርስ ኖንክ ዱሊስ ዓሣ እያጠመዱ ነበር። የማንም ዘመድ ይሁኑ አይሁኑ፣ መንደሩ በሙሉ «ኖንክ»፣ አጎቴ፣ እያለ ነው የሚጠራቸው። ቀሚሴን አዩ። ኦቪድን አዩ። መልሰው ቀሚሴን አዩ። ከዚያ ያለ ከዘራ ከቤታቸው የማይወጡት ሰውዬ ዘንጉንም ከዘራውንም ጥለው ወደ መንደር ሮጡ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ።

«እንጃ» አለ ኦቪድ።

ወዲያው ገባኝ። ከል ለብሳ የወጣች ሴት ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳ ከወንድ ጋር በጀልባ ስትመለስ፣ በእኛ መንደር ትርጉሙ አንድ ነው፦ ውሃውን ተሻግራ፣ ማዶ ካለው ቄስ ዘንድ በድብቅ ተጋብታ መጣች። ባሏ የሞተባት ሴት ዳግም ስታገባ ደግሞ ጎረቤት ዝም አይልም። ድስቱን፣ መጥበሻውን፣ ቆርቆሮውን እየደበደበ ደጇ ይቆማል። ሻሪቫሪ ይሉታል። ካላበሉት አይሄድም።

ጆንያዎቹን ገና አውርደን ሳንጨርስ ድብደባው ከመንገዱ መታጠፊያ ተሰማ። መንደሩ ተነቅሎ መጣ። ኔልዳ ከፊት ሆና የልብስ ማጠቢያ ገንዳ በእንጨት ትወግራለች፤ ሴቱ ክዳን ከክዳን ያጋጫል፤ አንዱ የላም ደወል ይዟል።

«ሙሽሮች! እንኳን ደስ ያላችሁ!»

«አልተጋባንም!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ ኖንክ ዱሊስ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው እጃቸው ባልዲ እየወገሩ።

«አል-ተ-ጋ-ባ-ንም!»

«አዎ! ስታምሪ! ተባረኪ!»

ወደ ኦቪድ ዞርኩ። «ንገራቸው እንጂ! አንተም አፍ አለህ!»

ኦቪድ ሕዝቡን አየ። ጆንያዎቹን አየ። ራሱን አከከ።

«ጎላውን ላምጣ» አለና ሄደ።

እማማ አዜሊ መጨረሻ ላይ መጡ። በእጃቸው ትንሽ ድስትና ማንኪያ ይዘዋል፤ ግን አይደበድቡም። ፊቴ ቆመው ቢጫውን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሳትነግሪኝ፣ ዙልማ?»

«እማማ፣ በእግዚአብሔር፣ አላገባሁም! ውሃ ውስጥ ወድቄ ነው!»

«ለልጄ ከል ስትለብሺ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አብረን ቁጭ ብለን ነው የሰፋነው። ለማውለቁ ጊዜ ብቻሽን ሄድሽ።»

ኔልዳ ገንዳዋን እየወገረች መካከላችን ገባች። እማማ አዜሊ ሄደው ከአንድ ዛፍ ሥር ለብቻቸው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ አዝነውብኝ አያውቁም፤ የሚታየኝ እሳቸው ብቻ ሆኑ።

እሳቱ ነደደ። ኦቪድ ሰው ጠልቆ የሚዋኝበት የሚያህል ጎላ ጥዶ ውሃ ሞላበት። እኔ ክራውፊሹን በገንዳ እያጠብኩ የሞተውን እለቅማለሁ፤ በሕይወት ያለው ጣቴን ይቆነጥጠኛል፤ ንዴቴን በእሱ ተወጣሁ። ጨው፣ ቀይ በርበሬ፣ የተከፈለ ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ተጨመረ። የበርበሬው እንፋሎት ዙሪያውን የቆመውን ሰው ሁሉ ያስነጥሰዋል፤ እያስነጠሰም ይከራከራል።

«በርበሬ ጨምርበት እንጂ፣ ለሕፃን ነው እንዴ የምታበስለው?»

«ኧረ ጨምሮበታል! ያንተ ምላስ ነው የሞተው።»

«ድንቹ ከክራውፊሹ ይቀድማል!»

«የኔ እናት በኋላ ነው የምትጨምረው።»

«ያንቺን እናት ምግብ የበላ ቤት ሙሉ ሰው ታሞ ነበር እኮ።»

ክራውፊሹ ከጆንያው ተገለበጠ፤ ውሃው ዝም አለ፣ ከዚያ እንደገና ተንተከተከ። ትንሽ ቆይቶ ኦቪድ እንጨቱን ከሥሩ ጎትቶ እሳቱን አጠፋው። ክራውፊሽ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቅመሙን ይጠጣል፤ ያኔ የሚሠራ ሥራ የለም፣ መጠበቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል። ድስት መደብደቡም ደከማቸውና ዝም አሉ።

«ሙሽራው ይናገር!» አሉ ኖንክ ዱሊስ።

«ኦቪድ ከሚናገር ክራውፊሹ ቢዘፍን ይቀላል» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

ኦቪድ የሚያማስልበትን መቅዘፊያ ከጎላው አወጣ። ባርኔጣውን አስተካከለ።

«አልተጋባንም» አለ።

ከአንዱ እጅ ማንኪያ ወደቀ። ዓይን ሁሉ ወደ ቢጫው ቀሚስ ዞረ። ማንም ሳይጠይቃት ከሏን ጥላ በአበባ ያጌጠች ሴት ማለት እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«ከሏን ያበላሸው ውሃው ነው» አለ ኦቪድ። «ቀሚሱ የኔ ነው።»

«አንተንማ ይጠብሃል!» አለ አንዱ።

«የገዛሁት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። አምና ነው የገዛሁት።» ወደ ጎላው ዞረ። «ያልተጋባነው… ስላልጠየቅኋት ነው።»

ይህን አለና መቅዘፊያውን አንስቶ ጎላውን ማማሰል ቀጠለ። ጨረሰ! ለእሱ ንግግሩ አለቀ!

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ።

«ታዲያ ለምን አትጠይቀኝም?» ጮህኩ። «አንተ ከሌን ትጠብቃለህ፣ እኔ አፍህን እጠብቃለሁ! ሸብተን ጥርሳችን ረግፎ ነው የምትጠይቀኝ? ሰው ቀሚስ ገዝቶ በስብ ቆርቆሮ ያስቀምጣል? ቴክሳስ እሄዳለሁ ብዬህ ክራውፊሽ የለም ትለኛለህ? እወድሃለሁ እኮ፣ አንተ ግንድ!»

ኦቪድ አየኝ። ያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ውሃ አላሸሸም።

«የሞተ ሰው ቦታ ላይ» አለ፣ «ሳልጠይቅ መቀመጥ ከብዶኝ ነው።»

«ሞቷል፣ ኦቪድ። ማንን ነው የምትጠይቀው?»

ባርኔጣውን አወለቀ። ሕዝቡን አልፎ ዛፉ ሥር ሄዶ እማማ አዜሊ ፊት በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ።

«እርስዎን» አለ። «ይፈቅዱልኛል?»

እማማ አዜሊ ድስታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እንቢ ቢሉ ቴክሳስ ልሄድ ነው፤ እሺም ቢሉ አዝነው ከሆነ እንዴት አድርጌ ነው ፊታቸውን የማየው?

«በየጠዋቱ ያንን ጥቁር ስታስሪ አያለሁ» አሉ፣ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። «ለኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አውልቂው ልልሽ እነሳና አፌ እንቢ ይለኛል። አውልቂው ካልኩ ልጄን የረሳሁት መሰለኝ። አንቺን ግን በቁምሽ እየቀበርኩሽ ነበር፣ የኔ ልጅ። አጥፍቻለሁ።»

«እማማ…»

«ዝም በይ። ወልቋል፣ ወልቋል። እዚያው ጭቃው ውስጥ ይቅር።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ወደ ኦቪድ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ምን ተንበርክከህ ታየኛለህ? እኔን ነው የምታገባው? ሂድ፣ እሷን ጠይቃት!»

ድስታቸውን በማንኪያቸው አንዴ መቱት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኦቪድ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። ጉልበቱ ላይ ጭቃ፣ ጢሙ ላይ የበርበሬ እንፋሎት። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

«ዙልማ» አለ።

«አቤት።»

«እኔ እኮ… ማለቴ… ውሃው ሲጎድል…»

«እሺ?»

«አንቺም ከፈለግሽ… ቴክሳስ ደግሞ ሩቅ ነው… እና እኔ ያሰብኩት…»

ባርኔጣውን በሌላ በኩል አዞረው። ሰው በእግር ጣቱ ቆሟል። ጎላው ውስጥ ክራውፊሹ ከመጠን በላይ እየራሰ ነው። ከዚያ በላይ የሚችል ሰው ካለ ይቻል።

«እሺ!» አልኩ። «እሺ፣ አገባሃለሁ!»

የድስቱ፣ የገንዳው፣ የደወሉ ድምፅ ፈነዳ። የኦቪድ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልሰማውም፣ እኔም አልሰማሁም። ክራውፊሹ እየጨሰ ጋዜጣው ላይ ተዘረገፈ። እማማ አዜሊ በሁለታችን መካከል ተቀምጠው ጅራቱን እየፈለፈሉ አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለእሱ አጎረሱን። «በርበሬ ያንሰዋል» አሉ እንባቸው እየወረደ። በርበሬ አላነሰውም።

ውሃው ጎድሎ ሳያልቅ ተጋባን። ይኸው አሁን የልጅ ልጆች አሉን። ኦቪድ ዛሬም አይናገርም፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ የሚላት ቃል ጣት አትሞላም። ነገር ግን አንድ ሰው «እንዴት ተጋባችሁ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወንበሩን ያስጠጋል፣ ምላሱ ይፈታል።

«እኔ አልጠየቅኋትም» ይላል። «በራሷ ነው እሺ ያለችው።»

ሰው ይስቃል። እኔ እንድከራከር ይጠብቁኛል። አልዋሸም፤ የሚያሳርረኝም ይኸው ነው።